በግንቦት የሚገዛ፣ በጥር የሚሸጥ፦ የማዳበሪያና የእህል ዋጋ የገበሬውን እቅድ እንዴት እንደሚያናውጠው

ሱቅ ያለው ሰው ዛሬ ያመጣውን ዘይት በሳምንት ሸጦ ይገላገላል። ዋጋ ቢወርድበት እንኳ የሚጎዳው በሳምንት ገበያ ነው። ገበሬው እንዲህ አይደለም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚገዛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። እህሉ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው ደግሞ ከኅዳር በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት። የገዛበትን ዋጋ ያውቃል፣ የሚሸጥበትን አያውቅም። ገበሬው ለምን ማዳበሪያ አሳንሶ ይጠቀማል፣ ለምን አዲስ ዘር ይፈራል፣ ለምን ማሳውን ባሕር ዛፍ ያለብሰዋል ተብሎ የሚጠየቀው ሁሉ፣ ሥሩ ሲማስ እዚህ ክፍተት ላይ ይደርሳል።

ገበሬ ማዳበሪያን በብር ብቻ አይለካውም። በእህል ነው የሚለካው። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ዘንድሮ ስንት ኩንታል በቆሎ ያስወጣል? ለዓመታት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሲመክሩ የኖሩት በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፤ ዳፕ በኋላ ኤንፒኤስ በሚባል ሌላ ማዳበሪያ ተተካ። አንድ ጥማድ፣ ጎጃም ውስጥ ቃዳ የሚሉት፣ የሄክታር ሩብ ነው። ስለዚህ ከሁለቱም 25፣ 25 ኪሎ ይደርሰዋል። እንበልና አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በሁለት ኩንታል በቆሎ ቢገኝ፣ ለአንዱ ጥማድ የሚወጣው አንድ ኩንታል በቆሎ ነው። የበቆሎ ዋጋ በግማሽ ሲወርድ ያው ማዳበሪያ ሁለት ኩንታል ይበላል። ማሳው ያው፣ በሬዎቹ እነዚያው፣ ላቡም ያው። ዘሩ፣ ፀረ-አረሙና ለአጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ገና አልተቆጠሩም። መሬቱ በእኩል የታረሰ ከሆነ ደግሞ ምርቱ ለሁለት ይካፈላል፣ ማዳበሪያውን ማን ይግዛ የሚለው ንግግርም ከዘር በፊት ማለቅ አለበት።

በነገራችን ላይ ማዳበሪያ ምን ያህል ቤታችን እንደገባ ለማወቅ ቋንቋውን ማየት ይበቃል። ከተማ ውስጥ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል የምናወራው ስለ ጆንያው ነው። ውስጡ ያለው ነገር ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ኢትዮጵያ ዩሪያና ኤንፒኤስ የምታገኘው ከውጭ ገዝታ፣ በጅቡቲ ወደብ አሳልፋ ነው። ግዢው በመንግሥት ድርጅት በኩል ይፈጸማል፤ ከዚያ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከማኅበሩ መጋዘን በአህያ ወደ ገበሬው ቤት። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ የጋዝ ዋጋ አውሮፓ ውስጥ ሲንር ጎጃም ቡሬ ያለው ገበሬ ይሰማዋል። በ2014 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሆነውም ይኸው ነው፤ ቀድሞውንም ሲወጣ የነበረው የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገዛው ማዳበሪያ በብር ሲሰላ እንደገና ዘለለ። መንግሥት በሁለቱም ጊዜ ድጎማ አስገብቷል። ያለ ድጎማው ነገሩ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ አይከብድም። ግን ድጎማም ቢሆን ዋጋውን ያለዝባል እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይወስንም።

መድረሻው ጊዜ ራሱ እንደ ዋጋ ነው። በቆሎ ጉልበት ላይ ሲደርስ የሚበተነው ዩሪያ ከዘገየ፣ በኋላ በነፃ ቢሰጥም ብዙ አይፈይድም። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ሰልፍ እስከመውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። እጥረት ሲኖር ደግሞ በማኅበሩ የተለጠፈው ዋጋ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከጀርባ የሚሸጠው ሌላ ዋጋ አለው፣ ገበሬውም የሚያቅደው በየትኛው ዋጋ እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

አሁን ወደ ጥር እንሂድ። የገበያ ቀን ነው። ገበሬው ሁለት ኩንታል ጤፍ በአህያ ጭኖ ገብቷል። ነጋዴው ባዶ ሆድ ያለውን ሹል ብረት በጆንያው ጎን ወግቶ ያወጣል፣ እፍኝ ጤፍ መዳፉ ላይ ይወርዳል፣ እፍ ይለዋል፣ ገለባው ይበናል። «ሰርገኛ ነው» ይላል። ገበሬው ነጭ ነው ብሎ ነው ያመጣው። ይከራከራል፣ ግን ብዙ አይከራከርም፤ ምክንያቱም መልሶ ጭኖ መሄድ አይችልም። የመሬት ግብር አለ፣ የማኅበሩ ብድር አለ፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም በዚያው ቀን በዚያው ምክንያት ጭነው መጥተዋል። ያው እህል ሰኔና ሐምሌ ላይ ሌላ ዋጋ ያወጣል፤ ያኔ ግን እህሉ ያለው ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ነው። ይባስ ብሎ አቅም የሌለው ገበሬ በጥር የሸጠውን ዓይነት እህል በነሐሴ በውድ ይገዛል። እንግዲህ የእህል ዋጋ ሲወደድ ገበሬ ሁሉ ይጠቀማል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ማስቀመጥ ይሻላል የሚል ምክር ቀላል ነው። የሚቀመጠው ምንድን ነው የሚለው ነው ጉዳዩ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ጎተራ ውስጥ ዓመት ከዚያም በላይ ይከርማል። ለዚህ ነው ጤፍ ለብዙ ቤተሰብ ባንክ የሆነው፣ በቆሎና ማሽላ እየበሉ ጤፉን ለብር የሚያስቀምጡት። በቆሎ ግን ጥቂት ወር ከቆየ ነቀዝ ዱቄት ያደርገዋል። አየር የማያስገባው ድርብርብ ከረጢት ለዚህ ጥሩ መላ ነው፣ ግን እሱም ይገዛል።

ዋጋ ሲወርድ ምን ሊመጣ እንደሚችል አገሪቱ አንድ ጊዜ በደንብ አይታዋለች። በ1993 እና በ1994 ምርቱ ጥሩ ሆነ። በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ፓኬጅ የታገዘው በቆሎ ሞልቶ ተረፈ። ገበያው ግን ያን ሁሉ የሚሸከምበት መንገድ፣ መጋዘንና ገዢ አልነበረውም፤ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። የማጨጃውን እንኳ ስለማይመልስ ማሳቸው ላይ የተዉት ነበሩ። ማዳበሪያው በብድር የተወሰደ ነበር፣ ብድሩ ደግሞ ከዋጋው ጋር አብሮ አልወረደም። ከብቱን ሸጦ የከፈለ አለ። በሚቀጥለው ክረምት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ፣ ምርጥ ዘሩን ተዉት፣ ወደ ቤት ዘር ተመለሱ። ያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ የከዳበት ሆነ። በ1995 የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ድርቁ ብቻውን አላደረገውም። ገበሬው የወሰደው ውሳኔ በጥር ዋጋ ሲታይ ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ከዚያ በፊት በደርግ ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ ነበረው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስብ ነበር። ዋጋው አይዋዥቅም፣ ግን ዝቅተኛ ነበር፣ ኮታውንም ለመሙላት ከገበያ ገዝቶ ያስረከበ ገበሬ ነበር። በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ያ ቀረና ዋጋው ተለቀቀ። በ2000 የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም መጀመሪያ የታሰበው ለእህል ነበር። ዞሮ ዞሮ የቡናና የሰሊጥ ቤት ሆነ፣ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ አሁንም የሚሰማው በስልክ ከእህል በረንዳ ነው። አዲስ አበባ ወንድም ያለው ይደውላል። የሌለው ደላላውን ያምናል።

ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? አንደኛው ነገር ማዳበሪያውን ማሳሳት ነው። ሁለት ጎረቤት አንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ገዝተው በጣሳ እየሰፈሩ ይካፈላሉ፣ ለጤፉ የታሰበውም ለበቆሎው ይዞራል፤ በቆሎ ያለ ማዳበሪያ አይሆንም፣ ጤፍ ግን ትንሽም ቢሆን ይሰጣል ብለው። ሌላው ሰብል መቀየር ነው። ጓያና ሽምብራ ማዳበሪያ አይለምኑም፣ ጤፍ በተነሣበት እርጥበት ላይ ይዘራሉ፣ አፈሩንም ያደልባሉ። አሰላ አካባቢ የቢራ ገብስ በውል የሚያመርቱ አሉ፤ ዋጋውን ቀድሞ ማወቅ ከፍ ያለ ዋጋ ከማግኘት የሚበልጥባቸው ብዙ ናቸው። ከብሩ ላይ ቀንሶ በግ የሚገዛም አለ፣ በግ በፈለጉበት ቀን ይሸጣልና።

መስኖ ያለው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ይጫወታል። ይሄ ቁማር ነው። አምና ሽንኩርት ከተወደደ ዘንድሮ መቂም፣ ፎገራም፣ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፣ ሲደርስም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ዋጋውም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ለሽንኩርት የሚወጣው የዘር፣ የኬሚካልና የነዳጅ ወጪ ደግሞ ከእህሉ ጋር አይወዳደርም፣ አንድ ዙር የከሰረ ሰው በሬውን ሊያጣ ይችላል።

ማዳበሪያውን አገር ውስጥ ለማምረት መታሰቡ አዲስ አይደለም። ያዩ ላይ የተጀመረው ፋብሪካ ሳያልቅ ቆሟል። በነሐሴ 2017 ደግሞ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈርሟል። ፋብሪካው ቢሠራም የጥር ዋጋ የጥር ዋጋ ነው።

በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ አካባቢ ግን ብዙ ገበሬ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣ ነገር አገኘሁ ብሎ ነበር። ዲከረንስ የሚሉትን ግራር እህል ማሳው ላይ ተከለ። ማዳበሪያ አይፈልግም፣ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ ዋጋው ዛሬ ካልጣመ አንድ ዓመት ቆሞ ይጠብቃል። ለአሲዳማው አፈርም ማረፊያ ሆነለት። ማሳው ያረጀበት ሰው ሁሉ ተከለ። ከ2012 ወዲህ ግን ዛፉን በሽታ መታው፣ ቅጠሉ እየጠወለገ ሳይደርስ ይደርቅ ጀመር። አንዳንዱ ነቅሎ እንደገና ወደ እህሉ ተመለሰ፣ ሚያዝያ ላይም ስሙን ለማዳበሪያ ማኅበሩ ጋ ያስመዘግባል።