ሁሉን አቀፍ የቤት ዲዛይን

ሁሉን አቀፍ ዲዛይን ቤትን ገና በወረቀት ላይ ሳለ ለሕፃንም፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ለአዛውንትም፣ በዊልቸር ለሚሄድም እንዲመች አድርጎ የመንደፍ አሠራር ነው። ለአካል ጉዳተኛ ብቻ ተለይቶ ከሚሠራ ቤት ይለያል። የቤቱ ባለቤት እዚያው ቤት ውስጥ እንደሚያረጅ ከመጀመሪያው ታስቦ ይሠራል።

ከሐሳቡ ጋር አብሮ የሚነሳው ስም አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ ነው። ሜስ በ9 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ የኖረው በዊልቸር ነው። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሰዎች ተሸክመው ደረጃ ያወጡትና ያወርዱት ነበር። ዊልቸሩም መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ አይገባለትም። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1966 በአርክቴክትነት ተመረቀ። በ1970ዎቹ የክፍለ ግዛቱ የሕንፃ ተደራሽነት ደንብ ሲወጣ ትልቅ እጅ ነበረበት። በ1989 ደግሞ እዚያው የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደራሽ ቤቶች ላይ የሚሠራ ማዕከል መሠረተ። ደረጃውን ብቻውን መውጣት ላልቻለበት ትምህርት ቤት ይህን ያህል ውለታ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። በ1997 ሜስን ጨምሮ 10 ባለሙያዎች ዛሬም የሚሠራባቸውን 7 መርሆዎች አወጡ። ሜስ በዓመቱ አረፈ።

እንግሊዞች ግን ለአካል ጉዳተኞች ስለሚመች ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1963 መመሪያ መጽሐፍ ያሳተመውን የአገራቸውን አርክቴክት ሰልዊን ጎልድስሚዝን ከሜስ ቢያስቀድሙ አይፈረድባቸውም።

መርሆዎቹ ወደ ቤት ሲመጡ ተራ ነገሮች ናቸው። መግቢያው ደረጃም ከፍ ያለ ደፍም የለውም። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ካስፈለገ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይሰጠዋል። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ያሳልፋል። ዊልቸር ለማዞር 1 ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። ድቡልቡል የበር እጀታ ይቀርና በክርን ተጭነው የሚከፍቱት ይገባል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃ ሲነካው የማያንሸራትት ይሆናል።

ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ ኤሊነር ስሚዝ አትላንታ ላይ የመራችው ዘመቻ ጥያቄውን አሳጠረው፦ ደረጃ የሌለው አንድ መግቢያ፣ ሰፋ ያሉ በሮች፣ ምድር ላይ አንድ መጸዳጃ ቤት። ይህ ካለ በዊልቸር የሚሄድ ሰውም ዘመድ ጥየቃ ይመጣል ማለት ነው። ለኛ አገር ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። በወቅቱ ደፋር እርምጃ ነበር ማለት ይቻላል። መኖሪያ ቤት ግን ሌላ ታሪክ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ምድርና አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ዕጣ ሲወጣ በ40 ዓመቱ አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው በ70 ዓመቱም ያንኑ ደረጃ ይወጣል።

ግቢው ውስጥ ቤት ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይቀላል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ መደገፊያ ብረት በኋላ ቢመታበት የሰው ክብደት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ከሽንት ቤቱ መቀመጫና ከሻወሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ገና ሲገነባ በኮንክሪት ማስሞላት ይሻላል። በኮንክሪት የተሞላው የቱ ጋ እንደሆነ በኋላ እንዲታወቅ፣ ልስን ከመመታቱ በፊት ቦታውን ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥም አይከፋም።