ያለ ዋጋ የቀረበ መሥዋዕት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሰሞኑ በዓል ጋር ተያይዞ በመካከላችን የበረታ አንድ ልማድ ይህን እንድጽፍ ግድ ብሎኛል። አዲስ የመዝሙር አልበም በወጣ ማግሥት አንዱ ሙሉውን በቴሌግራም ይለቀዋል፤ ከሥሩም «እግዚአብሔር ይባርክህ»፣ «ዘመንህ ይለምልም» የሚል ምርቃት ይዥጎደጎዳል። ፋይሉን ስትከፍቱት የዘማሪዋ ስም ተፍቆ የለቀቀው ቻናል ስም ገብቶበታል። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ለስቱዲዮ ተበድሮ የከፈለ ሰው መኖሩን ከመራቂዎቹ ያስታወሰ አንድም የለም።

ይህን ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ የኦርና አውድማ ነው። ቸነፈር በሕዝቡ ላይ በወረደ ጊዜ ዳዊት መሠዊያ እንዲሠራ ታዝዞ ወደ ኢያቡሳዊው ኦርና ወጣ፤ ኦርናም አውድማውን፣ ለመሥዋዕት በሬዎቹን፣ ለማገዶም የበሬዎቹን ዕቃ ሳይቀር እንዲሁ ሊሰጠው ወደደ። ንጉሡ ግን «ለአምላኬ ለእግዚአብሔር ያለ ዋጋ የሚቃጠል መሥዋዕት አላቀርብም» ብሎ በአምሳ ሰቅል ብር ገዛው (2ኛ ሳሙ. 24፥24)። ልብ በሉ፤ ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ ሰጥቶት ነበር፤ ቢቀበለውም የሚከሰው ሰው አልነበረም። ይህን የተናገረውም ስንጸልይ ቃሉን የምንዋሰው መዝሙረኛው ዳዊት ነው። እርሱ የተሰጠውን ያለ ዋጋ ለመሠዋት ከፈራ፣ ባለቤቱ ያልሰጠንን ወስደን በዚያው ዝማሬ በፊቱ የምንቆም እኛ ምን ልንባል ነው?

«በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» (ማቴ. 10፥8) ተብሎ የለም ወይ የሚሉ አሉ። ቃሉ የተነገረው ግን ለሚሰጠው እንጂ ለሚወስደው አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎም ጌታ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ብሏል። ዘማሪው በነፃ ልስጥ ካለ ዋጋው ከእግዚአብሔር ነው፤ እኛ በእርሱ ፈንታ ለጋሾች ልንሆን ግን አንችልም።

የቅጂ መብት አስከባሪዎቹ ጨካኞች ናቸው የሚለው ክርክር ግን እውነት አለበት፤ አልክደውም። የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ፋይል የተጋሩ ተራ ሰዎችን በፍርድ ቤት ሲያሳድዱ ቆይተው፣ በ2009 አንዲት ሴት በ24 ዘፈኖች ምክንያት 1.92 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈርዶባት ነበር፤ ከረጅም ክርክር በኋላም የጸናባት 222 ሺህ ዶላር ነው። ኢሳይያስ የግፍን ትእዛዝ ለሚያዝዙ ወዮላቸው ያለው እንዲህ ላለው ሚዛን ጭምር ይመስለኛል። የቅጂ መብት ጥበቃው ዘመን ረዝሟል፣ በብዙ አገሮች ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት መሆኑ አይገባም የሚል ምእመን ካለም በስሙ ጽፎ፣ ፊቱን ሳይሸፍን ይሟገት፤ በዚህ ኃጢአት የለበትም። የማዝነው ስለ ፍትሕ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ስለ አልበሙ ሲጠየቅ ብቻ የድሆች ጠበቃ ሆኖ ሲነሣ ነው። ደግሞስ ብዙውን ጊዜ የምንወስድበት ያ ሀብታም ኩባንያ ሳይሆን አብሮን የሚያመልክ ወንድማችን አይደለምን?

መግዛት የማትችሉ ግን አትሸማቀቁ። ብዙ ዘማርያን ራሳቸው በዩቲዩብ በነፃ ይለቃሉ፤ ፋይሉን ትታችሁ የእነርሱን ሊንክ ላኩ። የጥንት አባቶች መዝሙርም የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ሌላው የቀረጸውን ድምፅ አትውሰዱ እንጂ በራሳችሁ ድምፅ ዘምሩት። ስልካችሁ በእንዲህ ዓይነት ፋይል የተሞላባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሐዋርያው «የሰረቀ ከእንግዲህ ወዲህ አይስረቅ» ሲል በር ዘግቶ አይደለም (ኤፌ. 4፥28)። የቻናል ባለቤቶች ደግሞ የለቀቃችሁትን አውርዱ፤ ዘማሪዋንም ይቅርታ ጠይቁ፤ ከፈቀደች ስሟን መልሳችሁ ልቀቁት፤ ካልፈቀደች ተከታዮቻችሁን ወደ እርሷ ምሩ።