«ማን ሠራው?»፦ ስለ ኢንዲ ሙዚቃ፣ ስለ ሥነ ምግባራዊ ፋሽንና ስለ አርት ፊልም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሦስት ነገሮች ላይ ወሬ ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም፤ ኢንዲ ሙዚቃ፣ ሰው ሳይበደልበት የተሠራ ልብስ እና አርት ፊልም፣ ማለትም ከገበያው ይልቅ ለጥበቡ ታስቦ የተሠራ ፊልም። ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው። ሦስቱም ጋ «ማን ሠራው? ማን ወሰነበት? ገንዘቡስ ለማን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም መልስ ይገኛል። ግን ስለነሱ ባወራሁ ቁጥር የሚመለሱልኝ አስተያየቶች ተመሳሳይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ስህተት ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢንዲ ማለት ጊታር ይዞ የሚያንጎራጉር ልጅ ነው»

ብዙ ሰው ኢንዲን እንደ አንድ የሙዚቃ ስልት ነው የሚያየው። ዋናው ነገር ግን ባለቤትነት ነው። ዩኒቨርሳል፣ ሶኒ እና ዋርነር ከሚባሉት ሦስት ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ፣ በራስ ወይም በነጻ አሳታሚ የወጣ ሥራ ኢንዲ ነው። ራፕም ይሁን ጃዝም ይሁን ለውጥ የለውም።

በ1977 በዝኮክስ የሚባል ባንድ ያላቸው የእንግሊዝ፣ የማንችስተር ልጆች 500 ፓውንድ ገደማ ተበድረው አራት ዘፈን ያለበት ሸክላ በራሳቸው ስም አሳተሙ። መጀመሪያ 1,000 ቅጂ ነበር፤ በኋላ 16,000 ያህል ተሸጠ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸና ከቀረጻው በኋላ ምን እንደተደረበበት ጽፈውበታል። እኔ ይህቺን ዝርዝር በጣም ነው የምወዳት። «እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እናንተም ሞክሩት» ማለት እኮ ነው።

በሌላ በኩል የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የአዴልን «21» ውሰዱ። በ2011 ወጥቶ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡ አልበሞች አንዱ ሆኗል። በአሜሪካ በሶኒ ሥር ባለ ኩባንያ በኩል ቢወጣም፣ የአዴል አሳታሚ ኤክስኤል የተባለ የለንደን ነጻ ኩባንያ ነበር። ስለዚህ ኢንዲ ሁሌ ትንሽ ነው የሚለውም አያስኬድም። አንጋፋው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዘው የቀዱት ካሴት ነበራቸው። አንድ ትንሽ ነጻ አሳታሚ በ2013 እንደገና ሲያወጣው እሳቸው ታክሲ እየነዱ ነበር። ከዚያ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይሄን ካሴት አልፈለጉትም፤ የፈለገው ለሙዚቃው ፍቅር ያለው ሰው ነው።

«በስትሪሚንግ ከሰማሁት ደግፌዋለሁ»

ከምታስቡት በጣም ባነሰ መጠን። ብዙዎቻችን በኢንተርኔት ሙዚቃ ለመስማት (ስትሪሚንግ ማለት ይሄው ነው) የምንከፍለው ወርሃዊ ክፍያ እኛ ለሰማናቸው ዘፋኞች የሚከፋፈል ይመስለናል። እንደ ስፖቲፋይ ያሉ ትልልቅ አገልግሎቶች ግን በአብዛኛው እንደዛ አይሠሩም። ገንዘቡ አንድ ቋት ውስጥ ይገባና እያንዳንዱ ሥራ ከጠቅላላው ማድመጥ ላይ ባለው ድርሻ ይከፋፈላል። ወሩን ሙሉ አንዲት ብዙ ሰው የማያውቃትን ዘፋኝ ብቻ ብትሰሙ እንኳ፣ ከከፈላችሁት አብዛኛው የሚሄደው ጨርሶ ላልሰማችኋቸው ስመ ጥር ሰዎች ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተሰማ ከዚህ ቋት ምንም አያገኝም።

መስማት አቁሙ እያልኩ አይደለም። እኔም አዲስ ነገር የምፈልገው እዚያው ነው። ግን የወደዳችሁትን አልበም ግዙት። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበት ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ ለምሳሌ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው በመነሻው 15 በመቶ ነው፤ የክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለሙዚቀኛው ወይም ለአሳታሚው ይሄዳል። በ2020 በተጀመረው አሠራር ደግሞ በተመረጡ ዓርቦች የራሱን ድርሻ ይተዋል። ዘፋኙ ኮንሰርት ካለው ሂዱ፣ በር ላይ የሚሸጠውን ቲሸርትም ግዙ።

«ልብሱ ውድ ከሆነ የሰፋውም ሰው በደንብ ተከፍሎታል»

ይሄኛው ያናድደኛል። ዋጋው የሚነግራችሁ ሻጩ ስንት እንደጠየቀ ብቻ ነው። በ2024 የሚላን ፍርድ ቤት የታወቁ የቅንጦት ብራንዶችን ሥራ የሚያስተዳድሩ ኩባንያዎች ፍርድ ቤቱ በሚሾመው ተቆጣጣሪ ሥር እንዲሆኑ ወስኗል። ምክንያቱም መርማሪዎች ቦርሳዎቹን የሚሠሩት ንዑስ ተቋራጮች ዘንድ የተበዘበዙ ሠራተኞችን ስላገኙ ነው። የጣሊያን ምርት የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አልሆነም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ራና ፕላዛ አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ዳካ አጠገብ የነበረ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነው። ሚያዝያ 2013 ላይ ግድግዳው ሲሰነጠቅ እታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ላከ። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ሕንፃው ተደረመሰ፤ 1,134 ሰው ሞተ። ከፍርስራሹ ውስጥ የተገኙት የልብስ ምልክቶች አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚታወቁ ስሞች ነበሩ። «ልብሴን ማን ሠራው?» የሚለው ዘመቻ የተነሳው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ለውጥ ያመጣውም ሰው መግዛት ስላቆመ ሳይሆን፣ በዚያው ዓመት ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት ፈርመው ፋብሪካዎቹ በገለልተኛ መሐንዲሶች መፈተሽ ስለጀመሩ ነው። ስለዚህ አንድ ብራንድ ወድጄ ከሆነ መጀመሪያ የማየው የሚያሠራባቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር በይፋ ማውጣቱን ነው። ዝርዝር ማውጣት ሁሉንም ነገር አያረጋግጥም፤ ካላወጣ ግን መጠየቂያ መንገድ እንኳ የለም።

«ከቀርከሃ የተሠራ ስለሆነ ንጹሕ ነው»

ቀርከሃ ደረቅና ጠንካራ ነው። ለስላሳ ጨርቅ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል ሟሙቶ ቪስኮስ (ሬዮንም ይባላል) የሚባል ክር ከሆነ በኋላ ነው፤ ሂደቱ ውስጥ የሚገባው ካርቦን ዳይሰልፋይድ ደግሞ የሠራተኞችን ነርቭ የሚጎዳ ነገር ነው። በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሬዮንን «ቀርከሃ» ብለው የሸጡ አራት ትልልቅ ቸርቻሪዎችን በድምሩ 1.26 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። «ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ» የሚባለውም ጥያቄ አለበት፤ ጠርሙሱ ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር።

«እንዲህ ዓይነት ልብስ ለሀብታም ነው»

ሁሉን ነገር አዲስ ከገዛችሁ አዎ፣ ይወደዳል። ግን ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን ልብስ ረጅም ጊዜ ከመልበስ፣ የተቀደደውን ከማሰፋት፣ ሰልባጅ ከመምረጥ የሚበልጥ የለም። ይሄ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ዓይን ነው የሚፈልገው።

ሰልባጅ ሸሚዝ ካገኘሁ መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ። የጎን ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዤ በቀስታ እስባለሁ። ክሮቹ መሃል ብርሃን ከታየኝ ስፌቱ ሳሳ ያለ ነው፣ ቶሎ ይተረተራል። ስፌቱ አጠገብ ትርፍ ጨርቅ ካለ ደስ ይለኛል፤ ሰውነት ሲጨምር ማስፋት ይቻላል። ከዚያ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አያለሁ። ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ ጠርዙን ካልሸፈነ ሲታጠብ ሲታጠብ ይፈታል። ባለመስመር ከሆነ ደግሞ የኪሱ መስመር ከደረቱ መስመር ጋር መግጠሙን ልብ በሉ። ከገጠመ የቆረጠውም የሰፋውም ሰው ተረጋግቶ የሚሠራበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ኪስ ሳይ ያንን ሰው ማመስገን ያምረኛል።

«አርት ፊልም ላይ ምንም አይከሰትም፣ ለተማረ ሰው ነው»

ኢራናዊው ዳይሬክተር አባስ ኪያሮስታሚ በ1987 የሠራውን «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ተመልከቱ። አንድ ልጅ የጓደኛውን ደብተር በስህተት ይዞ ቤቱ ይመጣል። ጓደኛው የቤት ሥራውን ሌላ ወረቀት ላይ ከሠራ አስተማሪው ከትምህርት ቤት አባርርሃለሁ ብሎታል። ስለዚህ ልጁ ቤቱን ፍለጋ ይሄዳል። በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። ይሄን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ትልልቆቹ ልጁን ሳይሰሙት ሲቀሩ ልባችሁ ይመታል።

ረጅም የሚባሉትም ቢሆኑ ርዝመታቸው ምክንያት አለው። ቤልጂየማዊቷ ዳይሬክተር ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ነው። አንዲት እናት ቤቷን ስታጸዳ፣ ስትቀቅል፣ አልጋ ስታነጥፍ ያሳያል። ነገሮቹን ሁሉ በሥርዓት ስትሠራ አይተን ለመድናት። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ይበስልባታል። ድስቱን ይዛ ከክፍል ክፍል ትሄዳለች፣ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ይገባታል። ድንች ነው እኮ! ግን ያን ያህል ሰዓት አብረናት ስለቆየን አንድ ነገር እየፈረሰ እንደሆነ ይገባናል፣ ያስፈራልም። ፊልሙ አጭር ቢሆን ድንቹ ድንች ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በ2022 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ባደረገው የሃያሲያን ምርጫ ከሁሉም ፊልሞች አንደኛ የወጣው ይሄ ነው።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ ሲኒማ ቤት ያሳዩት ነበር»

የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ፊልም «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሮ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ አልተገኘም። እሳቸውና አጋሮቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ሕዝቡን ራሳቸው እየጠሩ ከከተማ ከተማ አሳዩት፤ ሰዉም ተሰልፎ ገባ። በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በመካከል ያለፉት ዓመታት ውስጥ የፊልሙ ጥራት አልተለወጠም። የተለወጠው በሩን የያዘው ሰው ነው።

«ብዙ ሰው ካወቀው ይበላሻል»

ይሄን የሚሉት ደግሞ የኛው ሰዎች ናቸው፣ እነዚህን ነገሮች የሚወዱት። የወደዱትን ዘፋኝ እንደ ግል ንብረት መደበቅ ይወዳሉ። 200 አድማጭ ያላት ዘፋኝ ግን የቀረጻ ወጪዋን የምትሸፍነው ከአድማጭ በምታገኘው ገንዘብ ነው፤ ደብቀናት ከሥራዋ ከወጣች ምን ጠቀምን?

ስለዚህ ንገሩ፣ ግን ሰው አታጨናንቁ። የ40 ዘፈን ዝርዝር የተላከለት ሰው አንዱንም አይሰማም። አንድ ዘፈን ላኩ። ፊልም ከሆነ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ከተቻለም አብራችሁ እዩ። ለምን እንደወደዳችሁትም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። «ድንቅ ነው» ከምትሉት ይልቅ «ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮው ሲቆም ስማ» በሉት። ካልወደደው አትከራከሩት፤ እሱ የሚወደውን ጠይቁትና እናንተም ስሙለት።