«እረኛ ምን አለ?»፦ ንጉሥ ልጅን ለምን ይጠይቃል?

አባቴ ማታ ከሥራ ስገባ «ደህና ዋልሽ?» ከማለቱ በፊት «እህስ፣ እረኛ ምን አለ?» ይለኛል። እኛ ቤት ከብት የለም፣ እረኛም የለም። የሚጠይቀኝ ታክሲ ውስጥ ምን ሲወራ እንደዋለ ነው። ረዳቱ ምን አለ? ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ ምን መለሱ? ሰው በምን ሳቀ? ቴሌቪዥኑ ፊቱ ተከፍቶ ዜና እየተነበበ እኔን ይጠይቀኛል።

አባባሉ የድሮ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። በአጭሩ «ሕዝቡ ስለ እኔ ምን ይላል?» ማለት ነው። ዛሬም አንድ ነገር ሊመጣ ሲል፣ ሹም ሊሻር ወይ ዋጋ ሊወጣ ሲሸት፣ ትልልቅ ሰዎች ይህችን ጥያቄ ጣል ያደርጓታል።

ግን ለምን እረኛ? ካህን አለ፣ ዳኛ አለ፣ ጭቃ ሹም አለ። ብዙ ሰው መልሱን ከትንቢት ጋር ያያይዘዋል። ልጅ ንጹሕ ነው፣ አምላክ በልጅ አፍ ይናገራል፣ እረኛ ያዜመው አይቀርም ይላሉ። እኔ ነገሩ ከዚህ ቀለል ያለ ይመስለኛል። እረኛው ማታ ምድጃ ዳር ኩርምት ብሎ፣ የተኛ መስሎ፣ አባትና እናቱ ስለ ግብሩና ስለ ዘመቻው ሲያወሩ ይሰማል። ጠዋት ከብቱን ነድቶ መስክ ይወርዳል። እዚያ የሌላ ቀዬ እረኞች አሉ። እነሱም ከየምድጃቸው የሰሙትን ይዘው መጥተዋል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወሬው ግጥም ይሆናል። አባትየው ቢናገረው መዘዝ የሚያመጣበትን ነገር ልጁ ሜዳ ላይ ጮክ ብሎ ያዜመዋል። ማን ይከሰዋል? ልጅ ነዋ!

ትንቢት የሚመስለውም ለዚህ ነው። አሥር መንደር ማታ ማታ የሚያጉተመትመው ነገር ውሎ አድሮ መፈንዳቱ አይቀርም። እረኛው ቀድሞ ሰማው እንጂ ቀድሞ አላየውም።

በዚያው አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ፊት ለፊት የሚከሰው የሌለ ንጉሥ ከጀርባው ምን እንደሚባል በምን ያውቃል? ዙሪያውን የከበቡት ሁሉ እጅ ነሺ ናቸው። የቀረው እረኛው ብቻ ነው።

በ1966 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ይህን መጠየቅ የተወ ይመስለኛል። ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ መንግሥት ዝምታን መረጠ። በጥቅምት ወር እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። የወሎን ጉድ አዲስ አበባ ሳታየው ለንደን አየችው። የካቲት ላይ ቤንዚን ጨመረ፣ ታክሲዎች ቆሙ፣ መምህራን አድማ መቱ፣ ወታደሩ አጉረመረመ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ።

ደርግ ግን የወሬን ጉልበት ያውቅ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። እንዳለ ግን አልነበረም። በረሃብ የጠወለገ ሕፃን ይታያል፣ ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብር ይመጣል። የደረቀ ገላ ይታያል፣ ወዲያው ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ። በማግስቱ ጠዋት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስዋገን ተወሰዱ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» ይል ነበር። ቤተ መንግሥት ግብር እንደሚበላ ከዚያ በፊት የማያውቅ ማን ነበር? ውሾች እንዳሉም ይታወቃል። የተለየው ነገር ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ደርግ እረኛውን ምን አለ ብሎ አልጠየቀም፤ ግጥሙን ራሱ ገጥሞ ሰጠው።

ያው ደርግ በ1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር በሰሜን ሌላ ረሃብ ነበር። እሱም ዝም አለ። የቢቢሲ ዘገባ በጥቅምት ወጣና ዓለም ተንጫጫ። ውጭ አገር የኖረ ሰው የዚያን ዘገባ ዕዳ ያውቀዋል፤ «ከየት ነሽ?» ተብላ «ከኢትዮጵያ» ያለች ሁሉ የጠያቂዎቿ ፊት ላይ የምታየውን እሷ ትንገራችሁ።

እረኛ የባሕር ማዶም አለው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ከአገራችን ትልቅ ትልቁን ለሙሶሊኒ የሚቆርስ ዕቅድ አወጡ። በምስጢር ነበር። የፈረንሳይ ጋዜጦች ግን አፈትልኮ አገኙት። እንግሊዝ ውስጥ ሕዝቡ አበደ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን ስለ ሰላምና ከተባበሩት መንግሥታት በፊት ስለነበረው የመንግሥታት ማኅበር ተጠይቀው ድምፅ ሰጥተዋል፤ መንግሥቱም ማኅበሩን እደግፋለሁ ብሎ በኅዳር ምርጫ ካሸነፈ ወር እንኳ በቅጡ አልሆነውም። ለፓርላማ አባላት ደብዳቤው ጎረፈ። ሆር ከሥልጣን ወረደ፣ ዕቅዱም ተቀበረ። ጦር ሳይንቀሳቀስ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ የለንደን ተራ ሰው ስለ ሐበሻ ያለው ስሜት አንድ ሚኒስትር ጣለ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን በአምስት ወር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1936፣ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። በሐምሌ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሳ። የለንደኑ እረኛ አንድ ሰሞን ጮኸ፣ ከዚያ ወደ ከብቱ ተመለሰ። ከዚህ ጋር የማነጻጽረው የአድዋን ማግስት ነው፤ ያኔ የጣልያን ሕዝብ በገዛ መንግሥቱ ላይ አደባባይ ወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒም በአሥር ቀን ገደማ ወረደ። የሰው ልጅ የሚያለቅሰው ለራሱ ልጅ ሲሆን ጩኸቱ ይጸናል መሰለኝ።

የገበያው እረኛ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሲናገር ያስፈጽማል። «ዘይት ሊጨምር ነው» ሲባል ሰው ይሻማል። ሰው ሲሻማ ዘይት ይጠፋል። ሲጠፋ ይጨምራል። ወሬው ሲነሳ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ማታ ላይ ግን እውነት ሆኗል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። የዚያን ቀን ማታ ሰፈር ካለ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ «ዘይት አልቋል» አለኝ። ከጀርባው፣ ከመጋረጃው ሥር፣ የባለ 5 ሊትሮቹ ቢጫ ቂጥ ተደርድሮ ይታየኛል። እኔም አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየ። «ነገ ነይ፣ በአዲሱ ዋጋ» አለ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር። ዘይቱ ያው የትናንቱ ዘይት ነው።

ቤት ገባሁ። አባቴ ዜናውን እያየ ነበር።

«እህስ፣ እረኛ ምን አለ?»

«ሁሉም ነገር ይጨምራል እያለ ነው አባዬ። ዘይት ከአሁኑ ተደብቋል።»

«ወሬ ነው!» አለ ተቆጥቶ። «ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪበት። ሰው እንዲህ እየተሻማ ነው ገበያውን የሚያናውጠው።» ስለ ትዕግሥት ረጅም ንግግር አደረገልኝ። ከዚያ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ከበሩ ኋላ ዘንቢሉን አነሳ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«እታች ያለው ሱቅ ሳይዘጋ» አለ፣ ፊቴን ሳያይ። «ስኳርም አልቆብናል ብላለች እናትሽ።»