ከኦፕሬሽን በፊት የእጅ ዝግጅት፦ ከብሩሽ ወደ አልኮል

መቀስ አውቶክሌቭ (በጋለ እንፋሎት ተሕዋስያንን የሚያጠፋ ማሽን) ውስጥ ይገባል፤ እጅ ግን አይገባም። ስለዚህ ከኦፕሬሽን በፊት እጅን ማዘጋጀት ሲባል በቆዳ ላይ ያሉትን ተሕዋስያን ጨርሶ ማጥፋት ማለት አይደለም። ቁጥራቸውን መቀነስና ኦፕሬሽኑ እስኪያልቅ በጓንት ሥር እንዳያንሰራሩ መያዝ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፊሊፕ ፕራይስ በ1938 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እነዚህን ተሕዋስያን በሁለት ከፍሎ አይቷቸዋል። እንግዶቹ ከበሽተኛ ወይም ከዕቃ የሚመጡ ናቸው፤ ተራ ሳሙናና ውሃ አብዛኛውን ይወስዳቸዋል። ባለቤቶቹ ግን በቆዳው ሽፋኖችና በፀጉር ሥር ሰፍረው ስለሚኖሩ በቀላሉ አይለቁም።

ጓንት ካለ ይህ ሁሉ ለምን? ጓንት ይቀደዳል፤ ብዙ ጊዜም የለበሰው ሰው ሳያውቀው። ደግሞስ ጓንት ወደ ኦፕሬሽን ክፍል የገባው በሽተኛውን ለመጠበቅ አልነበረም። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ በ1889 እና በ1890 አካባቢ የጎማ ጓንት ያሠራው፣ የነርሷ የካሮላይን ሃምፕተን እጅ ያኔ ለፀረ ተሕዋስያን በሚጠቀሙበት በሜርኩሪ ክሎራይድ ስለተቆጣ ነው። ኋላም ተጋብተዋል።

ለረጅም ዘመን ደንቡ ብሩሽ፣ ውሃና 10 ደቂቃ ነበር። ዛሬ በ4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ወይም በ7.5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ሳሙና ከ2 እስከ 5 ደቂቃ መታጠብ ይበቃል። ክሎርሄክሲዲን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ ውጤቱ ቶሎ አይጠፋም። ብሩሹ ግን ቆዳን ይፍቃል፤ የተፋቀ ቆዳ ደግሞ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። እንዲያም ሆኖ «በደንብ ካልተፈተገ አልጸዳም» የሚለው እምነት ከብሩሹ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል።

ሁለተኛው መንገድ በአልኮል ማሸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል ወይም 75 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ሲሆን፣ ቆዳ እንዳይደርቅ ግሊሰሮል፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀሩ ስፖሮችን (አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚይዙትን ጠንካራ ቅርጽ) ለማጥፋት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጨመርበታል። አልኮል ራሱ ስፖር አይገድልም፤ ስለዚህ ሥራ ሲጀመር አንድ ጊዜ በሳሙና ታጥቦ የጥፍርን ሥር ማጽዳት፣ ከዚያም እጅን በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥብ እጅ አልኮሉን ያቀጥነዋል። በግራ መዳፍ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ተጨምሮ የቀኝ ጣቶች ጫፍ ለ5 ሰኮንድ ይነከራል፤ ቀጥሎ የቀኝ ክንድ እስከ ክርን እየተዞረ ይታሻል። በሌላውም ክንድ እንዲሁ ይደረጋል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ እጆች እስከ አንጓ ይታሻሉ። ቀለበት፣ ሰዓትና ሰው ሠራሽ ጥፍር አስቀድመው ይወልቃሉ።

ሁለቱ መንገዶች ሲወዳደሩስ? በ2002 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በ6 የቀዶ ሕክምና ክፍሎች 4,387 በሽተኞችን ተከታትሎ፣ የቁስል ኢንፌክሽን በአልኮል 2.44፣ በመታጠብ 2.48 በመቶ ሆኖ አገኘው። በኬንያ ኪጃቤ ሆስፒታል በ2010 የታተመው ጥናት ደግሞ አልኮልን ከተራ ሳሙናና ውሃ ጋር አወዳድሮ 8.3 እና 8.0 በመቶ አገኘ፤ ይህም ልዩነት የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2016 መመሪያው ተራ ሳሙናን ብቻውን አልተቀበለም፤ ፀረ ተሕዋስያን ሳሙና ከውሃ ጋር ወይም አልኮል ይላል። ፀረ ተሕዋስያን ሳሙናንና አልኮልን አከታትሎ መጠቀምንም አይመክርም።

አልኮል ቧንቧ አይጠብቅም። ውሃ በሚቆራረጥበት ሆስፒታል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ቀመሩም በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሊዘጋጅ ይችላል። በኢትዮጵያ ኤታኖል ከስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ይመረታል። ለቀዶ ሕክምና ደኅንነት የሚሠራው ድርጅት ላይፍቦክስ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጀመረው «ክሊን ከት» ፕሮግራምም ከስድስት ተግባሮቹ አንዱ አድርጎ የያዘው የእጅንና የበሽተኛውን ቆዳ ፅዳት ነው፤ ከመሣሪያ ማምከን፣ ከአንቲባዮቲክ ሰዓትና ከጋውዝ ቆጠራ ጎን።

አልኮሉ ሳይተን ጓንት አይለበስም፤ እርጥብ እጅ ጓንት ውስጥ ሲገባ ቆዳው ይቆጣል።