የእስራኤል የጎዳና ድመቶች

ማታ ቆሻሻ ለመጣል ወደ ገንዳው ብትወርዱ ብቻችሁን አትሆኑም። ክዳኑን ከፈት ስታደርጉ አንዷ ከውስጥ ተወርውራ ትወጣለች። ሌላዋ መኪና ሥር አድፍጣ ታያችኋለች። ሁለት ሦስቱ አጥሩ ላይ ተቀምጠው እስክትሄዱ ይጠብቃሉ። ኔታንያ ሁኑ፣ አሽዶድ ሁኑ፣ ቤር ሸቫ ሁኑ፣ ነገሩ ያው ነው። በመላ እስራኤል ያሉት የጎዳና ድመቶች እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታሉ። እየሩሳሌም ብቻዋን 240 ሺህ ያህል አሏት ሲባል ኖሯል። አገሪቱ በስፋት ከአማራ ክልል እንኳ ብዙ እጥፍ የምታንስ መሆኗን ስታስቡ የቁጥሩ ትልቅነት ይገባችኋል።

በዕብራይስጥ ሁሉንም ጠቅልለው «ሐቱል ረሖቭ»፣ የጎዳና ድመት፣ ይሏቸዋል። ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። አንዳንዷ እስከ ቅርብ ጊዜ ሶፋ ላይ ትተኛ የነበረች ናት። ባለቤቶቿ ቤት ሲቀይሩ ትተዋት ሄዱ፣ ወይ ጠፍታባቸው ቀረች። እሷን «ውሮ» ብትሏት ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ትመጣለች፤ እግራችሁን ትታከካለች። ሌላዋ ግን እዚያው ገንዳው ሥር የተወለደች ናት። የሰው እጅ ነክቷት አያውቅም። እጃችሁን ስትዘረጉ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ታስፈራራለች። ልዩነቱ ያለው በልጅነቷ ነው። አንዲት ግልገል ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሰው ካልለመደች፣ ከዚያ በኋላ ማልመድ በጣም ከባድ ነው። «ሁሉንም ለቅመን ሰው ቤት እናስገባቸው» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ሐሳቡ ለተጣለችው ይሠራል። ሰው ሳታውቅ ላደገችው ግን የተዘጋ ቤት እስር ቤት ነው።

ድመቶቹን ያመጧቸው እንግሊዞች ናቸው የሚል ወሬ አለ። እስራኤል ከመመሥረቷ በፊት በነበረው የእነሱ አስተዳደር ዘመን አይጥ ስለበዛ ድመት አስመጥተው ለቀቁ ይባላል። ድመት ግን ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለችም። የቤት ድመት የተገኘችው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ በእስራኤሉ የኔጌቭ በረሃም በኢትዮጵያም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት የቤት ድመቶች ሐረግ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመቶች እንደሚያመራ አመልክቷል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ። አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። ቆጵሮስ ውስጥ የዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ ሰው ከነድመቱ የተቀበረበት መቃብር ተገኝቷል። የእኛም አገር የኢትዮጵያ ገበሬ ድመትን የሚያውቃት እንዲሁ ነው። ጎተራ ትጠብቃለች፣ ምድጃ ዳር ትተኛለች። እዚህ ጎተራ የለም። በጎተራው ምትክ የቆሻሻ ገንዳ መጣ።

ዋናው ምክንያትም እሱ ነው። ገንዳዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ክዳናቸው ብዙ ጊዜ ክፍት ያድራል። ክረምቱ ቀላል ነው፤ ብርዱ ድመት አይገድልም። በዚያ ላይ በየሰፈሩ በፈቃዳቸው የሚያበሉ ሰዎች አሉ። የቀረውን ተፈጥሮ ትጨርሰዋለች። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ አራት ያህል ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ ልትደግም ትችላለች። ግልገሏ ራሷ በአምስትና በስድስት ወሯ ማርገዝ ትጀምራለች። ልጅ ሳለች ልጅ ታቅፋለች ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ «ታዲያ እንዴት አገሩን አልሞሉትም?» የሚል ይኖራል። መልሱ ያሳዝናል። ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት ይባላል፤ የጎዳና ግልገል ግን አንዷንም ይዛ የምትዘልቅበት ዕድል ጠባብ ነው። አብዛኞቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በመኪና ይገጫሉ፣ ዓይናቸው በኢንፌክሽን ይደፈናል፣ በተቅማጥ ይደርቃሉ። ፀደይ ላይ በየጥጉ የምትሰሙት የግልገል ጩኸት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጸጥ ይላል። ስለ ድመት ችግር ሲወራ ሰው የሚቆጥረው የራሱን ችግር ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ራሳቸው ድመቶቹ ናቸው ባይ ነኝ።

የሰውም ችግር ቢሆን ቀላል አይደለም። ሌሊት ሁለት አውራ ድመቶች መስኮት ሥር ሲፋለሙ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሳሉ። ያልተኮላሸ አውራ ድመት ግዛቱን ለማሳወቅ የሕንጻ መግቢያ ላይ ሽንቱን ይረጫል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ በውሃ ብቻም አይለቅም። ልጆች የሚጫወቱበት አሸዋ ውስጥ ይጸዳዳሉ። ቁንጫ ያመጣሉ፣ ጭርት ያስይዛሉ። የእብድ ውሻ በሽታ በእስራኤል በይበልጥ የሚታየው በቀበሮና በውሻ ላይ ቢሆንም ድመትም ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ የማታውቋት ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ቢሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ከኢትዮጵያ ለመጣነው ለእኛ ማኅበረሰብ ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ድመት አጠገብ እንዳትደርስ ሲነገራት እሰማለሁ። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ነው፤ ፅንስን ይጎዳልና ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን ድመት ተሕዋሱን በዓይነ ምድሯ የምታስወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከተያዘች በኋላ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ያም ሰውን መያዝ የሚችለው ውጭ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ሌላው ትልቁ መንገድ ጥሬ ሥጋ ነው። ድመቷን ከግቢ አባርሮ ነፍሰ ጡሯ ፊት ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ማቅረብ በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው። ነፍሰ ጡር ሥጋ አብስላ ትብላ፣ አትክልት በደንብ አጥባ ትብላ፣ አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ። ድመት ካላትም ዓይነ ምድሯን ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥልላት።

የዱር እንስሳቱ ጉዳት ብዙ ጊዜ ይረሳል። እስራኤል የወፎች ጎዳና ናት። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ወደ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ወፎች በሰማይዋ ያልፋሉ። ብዙዎቹ ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው ወደ አፍሪካ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሐይቆችም ይወርዳሉ። ደክማ መሬት ላይ ያረፈች ትንሽ ወፍ ለድመት ቀላል ሲሳይ ናት። እንሽላሊቱም እንዲሁ። «ከጠገበች አታድንም» የሚለው ትክክል አይደለም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ ሆዷ ሞልቶም ታድናለች። በኔጌቭ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የመንደር ድመቶች ከዱር ድመቱ ጋር እየተዳቀሉ የቅድመ አያቱን ንጹሕ ዘር እያሳጡት ነው።

በየሕንጻው ያለው ጠብ ግን ስለ ወፍ አይደለም። በሚያበሉና በሚማረሩ ሰዎች መካከል ነው። እኛ ሕንጻ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት አሉ። ማታ ማታ የዶሮ አጥንትና የተረፈ እንጀራ በላስቲክ ይዘው ይወርዳሉ። «እግዜር የፈጠረውን እንዴት ተርቦ አየዋለሁ?» ይላሉ። ከምድር ቤት ያለው ጎረቤት ደግሞ በረንዳው ስለሚሸትበት ይጮህባቸዋል። ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ግን መመገብ ብቻውን ችግሩን ያበዛዋል፣ መከልከል ብቻውንም አይፈታውም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከእሱ ይልቅ ደረቁ የድመት ምግብ ይሻላል፤ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ተሰጥቶ የተረፈው ይነሳል።

ማዘጋጃ ቤቶች፣ እዚህ ሁሉም «ኢሪያ» ነው የሚለው፣ ድሮ ድመቶቹን ያጠፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2004 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድመት ስላስቸገረች ብቻ መግደል እንደማይገባ፣ ለሕዝብ ጤና አስጊ በሆነ ጊዜም ግድያ የመጨረሻው አማራጭ መሆን እንዳለበት ወሰነ። መርዝ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ከሕጉም በተጨማሪ ማጥፋት ውጤት አልነበረውም። ገንዳው እስካለ ድረስ የአንዷ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ከጎን ሰፈር ሌላዋ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የእየሩሳሌም ከንቲባ ሞሼ ሊዮን ድመቶችን ለመመገብ 100 ሺህ ሸቀል በጀት ሲያስይዙ ያመሰገነም የተቆጣም ነበር።

ዛሬ ዋናው ሥራ መያዝ፣ ማምከንና ወደነበሩበት መመለስ ነው። አንድ ማታ አብሬ ወጥቼ አይቻለሁ። የምታበላቸው ሴት ከአንድ ቀን በፊት ምግብ አቁማለች፤ ሳይራቡ ወጥመድ አይገቡም። የሽቦ ወጥመዱ ወለል ላይ ጋዜጣ ተነጠፈ። ከመርገጫው ጀርባ ሰርዲን ተቀመጠ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ ዝም። አንዲት ግራጫ ድመት ሦስት ጊዜ ዞረችው። አንገቷን አስገባች፣ መለሰች። በመጨረሻ ስትረግጠው በሩ ቷ ብሎ ወደቀ፤ ሽቦውን ልትበጥሰው ደረሰች። ሴትየዋ ሮጣ አንሶላ ጣል ስታደርግበት ግን ድመቷ ዕጥፍ ብላ ጸጥ አለች። ጨለማው ያረጋጋቸዋል። በማግስቱ በቀዶ ሕክምና መከነች። በሰመመን ላይ እያለች የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ተቆረጠ፤ ይህ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ነው፣ ሁለተኛ እንዳትያዝ። ካገገመች በኋላ ከተያዘችበት ቦታ እዚያው ተለቀቀች።

ውጤት የሚመጣው ሥራው በምን ያህል ሲሠራ ነው የሚለውን በደንብ ያሳየው በሪሾን ሌጺዮን የተሠራ ጥናት ነው። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ያሉበት ቡድን ለ12 ዓመት የከተማዋን ድመቶች ቆጠረ፤ ውጤቱ በ2022 ታተመ። መጀመሪያ አራት ዓመት ምንም አልተነካም። ቀጥሎ አራት ዓመት በግማሹ ሰፈሮች ብቻ፣ ተበታትኖ፣ ድመቶች መከኑ። ይህ ውሃ በወንፊት ሆነ። ያልመከኑ ድመቶች ከአጎራባች ሰፈር እየመጡ ቦታውን ሞሉት። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ግን ሁሉም ሰፈሮች ተያይዘው ተሠሩ፤ ከ70 በመቶ በላይ ድመቶች መከኑ። ያኔ ቁጥሩ በየዓመቱ 7 በመቶ ያህል መቀነስ ጀመረ። የተወለዱት ግልገሎች ግን ፉክክር ስለቀነሰ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ጨመረ። ስለዚህ ሥራው ቢቆም ቁጥሩ ተመልሶ ያሻቅባል። አንድ ዓመት ተዘምቶ የሚተው ነገር አይደለም።

ሃይማኖቱም አለበት። ኦሪት ዘሌዋውያን 22፥24 ላይ የተኮላሸ እንስሳ ለመሥዋዕት እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ «በምድራችሁም ይህን አታድርጉ» የሚለውን ይዘው ማኮላሸት ጨርሶ ክልክል ነው የሚሉ ረቢዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወቅቱ የእርሻ ሚኒስትር የነበሩት ኡሪ አሪኤል ለማምከን የተመደበውን 4.5 ሚሊዮን ሸቀል ድመቶችን ወደ ሌላ አገር ለመላክ እናውለው ብለው ጻፉ። አገሩ ተንጫጫ፤ ሐሳቡም ቀረ። እምነቱን አከብራለሁ። ነገር ግን ያው ኦሪት እንስሳ እንዳይሠቃይም ያዝዛል። ገንዳ ሥር ዓይኗ ተደፍኖ የምትሞተውን ግልገል ያየ ሰው ሁለቱን ትእዛዛት አብሮ መመዘን ያለበት ይመስለኛል።

እናንተ ሰፈር ሥራው ካልተጀመረ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውሉና የእንስሳት ሐኪሙን ክፍል ጠይቁ። ስንት ድመት እንዳለ፣ የስንቱ ጆሮ እንደተቆረጠ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበሉ ቆጥራችሁ ብትነግሯቸው ነገሩ ይፈጥናል። የገንዳውን ክዳን መዝጋት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ክረምት ላይ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፋኖውን መታ መታ አድርጉት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውስጡ ገብተው ያድራሉ።

እኛ ሕንጻ ሥር አሁን አሥራ አንድ ድመቶች አሉ። የሰባቱ ጆሮ ተቆርጧል። 70 በመቶን ለማለፍ አንዲት ትቀረናለች። የጎንደሯ እናታችን አጥንቱን ትተው ደረቁን ምግብ ጀምረዋል፤ ምድር ቤት ያለው ጎረቤትም ወጥመዱን በረንዳው ላይ እንድናስቀምጥ ፈቅዷል። የምንፈልጋት ባለ ሦስት ቀለሟን ነው፤ ባለ ሦስት ቀለም ድመት ደግሞ ሁሌም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሴት ናት። ሁለት ማታ ጠበቅናት። ሰርዲኑን በመዳፏ ከውጭ እየሳበች በላችው። ሐሙስ ማታ እንደገና እንወጣለን።