አጋርና ልጇ፦ ፅንስ ማቋረጥ፣ የሴቶች መብት እና የምርጫ ድምፃችን

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች።

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ዓመት በመጣ ቁጥር በአማኞች መካከል አንድ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል። “እጩው በፅንስ ማቋረጥ ላይ ያለው አቋም ምንድን ነው?” ለብዙዎቻችን ጥያቄው እዚያው ያበቃል። መልሱ ከታወቀ ድምፃችን የማን እንደሆነ ታውቋል። የእጩው ጠባይ፣ ስለ ድሃውና ስለ ስደተኛው ያለው ሐሳብ፣ እውነት መናገሩና አለመናገሩ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ሐሳብ ተያይዞ ይመጣል። ለፅንሱ የሚቆም ሰው ፌሚኒዝምን መቃወም አለበት ይባላል። ለሴቶች መብት የሚቆም ደግሞ ፅንሱን መተው አለበት ይባላል። ሁለቱም ወገን ይህን ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ።

የቆምኩበትን ቦታ ከመጀመሪያው ላስታውቅ። በማኅፀን ያለው ሕይወት የእግዚአብሔር ሥራ ነው። መዝሙረኛው “አንተ ኵላሊቴን ፈጥረሃልና፥ በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል” ይላል (መዝ. 139፥13)። የማርያም ሰላምታ ኤልሳቤጥ ጆሮ ሲደርስ በሆዷ ያለው ሕፃን በደስታ ዘለለ። ዮሐንስ አገልግሎቱን የጀመረው ገና ሳይወለድ ነው። ይህን ያመነ ሰው ፅንስ ማቋረጥን እንደ ማንኛውም ተራ የፖሊሲ ጉዳይ ሊያየው አይችልም። ሊያየውም አይገባም።

ስለዚህ በአንድ ጉዳይ ድምፁን የሚወስንን አማኝ “አክራሪ ነህ” ብዬ አላሸማቅቀውም። ጉዳዮች ሁሉ እኩል አይመዝኑም። ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው የአዝሙዱን አሥራት እየቆጠሩ በሕግ ያለውን ዋና ነገር፣ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለተዉ ነው (ማቴ. 23፥23)። በ1860 በአሜሪካ ምርጫ “እኔ የማየው ባርነትን ብቻ ነው” ያለ ሰው ቢኖር ዛሬ ማን ይወቅሰዋል?

ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። አንድ ከባድ ጉዳይ እጩን ለመጣል ሊበቃ ይችላል። ለመምረጥ ግን ብቻውን አይበቃም። “ፅንስ ማቋረጥን እቃወማለሁ” ማለት ለአንድ ፖለቲከኛ ቀላል ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር በመናገሩ ብቻ ሌላውን ሁሉ የምንምርለት ከሆነ፣ ድምፃችንን ሳይሆን ኅሊናችንን ነው የሰጠነው። ምንም ቢያደርግ እንደማንሄድበት ያውቃል። የማይሄድበትን መራጭ ደግሞ ማንም አይሰማውም። “በአለቆች አትታመኑ” የሚለው ቃል (መዝ. 146፥3) እኛ የምንወዳቸውንም አለቆች ይጨምራል።

አሁን ወደ አጋር እንሂድ። በዘፍጥረት 16 አጋር ባሪያ ናት። ለአብራም የተሰጠችው ፈቃዷ ተጠይቆ አይደለም። ከፀነሰች በኋላ ሦራ አስጨነቀቻት፤ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። እርጉዝ፣ ብቻዋን፣ ገንዘብም ዘመድም የሌላት ሴት ናት። እዚህ ላይ የእግዚአብሔር መልአክ አገኛት። በስሟ ጠራት። እስከዚያ ድረስ በምዕራፉ ውስጥ አብራምም ሦራም በስሟ ሲጠሯት አንሰማም፤ “ባሪያዬ”፣ “ባሪያሽ” ብቻ ነው የሚሏት። ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ጠየቃት። ስለ ልጁ ከመናገሩ በፊት የእሷን ታሪክ ጠየቀ። ከዚያም ስለ ልጁ ነገራት፣ ስምም ሰጠው። እሷም ለእግዚአብሔር ስም ሰጠችው፤ “ኤልሮኢ”፣ የሚያየኝ አምላክ።

መልአኩ ወደ ሦራ ተመለሺ ማለቱ ለእኔ እስከ ዛሬ ከባድ ነው። አላቀልለውም። ምዕራፍ 21 ላይ ግን ታሪኩ ይቀጥላል። እናትና ልጅ ተባረው ውኃ አለቀባቸው። ልጇ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች። እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ ይላል ቃሉ። ቀጥሎ የእናቲቱን ዓይን ከፈተ፤ የውኃ ጉድጓድም አየች። ልጁን ለማዳን እናቲቱን አላለፋትም። ለእሷ አዝኖም ልጁን አልተወም። ለሁለቱ አንድ ጉድጓድ ነበር።

የእኛ የፖለቲካ ክርክር ግን ጉድጓዱን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ ወገን ስለ ልጁ ብቻ ይጮኻል፤ ሌላው ስለ እናቲቱ ብቻ።

ይህ ክፍፍል ከጥንት የነበረ ይመስለናል። አይደለም። የአሜሪካ ሴቶች መብት ንቅናቄ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1848 በሴኔካ ፎልስ ከተደረገው ጉባኤ ጀምሮ ነው። ያኔ የተጠየቀው የመምረጥ፣ የመማር፣ ንብረት የመያዝ መብት ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ ኤልዛቤት ካዲ ስታንተን ፅንስ ማቋረጥን በጽሑፏ ከሕፃን ግድያ ጋር አያይዛ ታነሳው ነበር። መንስኤውንም በሴቶች ላይ ከሚደርሰው ጭቆና ታገናኘዋለች። በእርግጥ የያኔውን ሰው የዛሬ ፓርቲ አባል ማድረግ ተገቢ አይደለም። የታሪክ ምሁራንም በዚህ ይከራከራሉ። ግን ሴትን ማክበር ፅንስን መተው ነው የሚለው አስተሳሰብ አብሯቸው አልተወለደም።

ለውጡ የመጣው በኋላ ነው። በ1966 የተመሠረተው ብሔራዊ የሴቶች ድርጅት የፅንስ ማቋረጥ ሕጎች እንዲሻሩ የሚጠይቅ ነጥብ በ1967 ጉባኤው አጸደቀ። ውሳኔው ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም፤ ጥለው የወጡም ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1968 ሌላ የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ያ ማኅበር በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያለውን አድልዎ እየከሰሰ፣ በ1972 በትምህርት ቤት የፆታ መድልዎን የከለከለው ሕግ እንዲወጣ ረድቷል። በዚያው በ1972 “ፌሚኒስቶች ለሕይወት” የሚባል ቡድን በኦሃዮ ተመሠረተ። ፌሚኒስት ነን፣ ፅንስ ማቋረጥንም እንቃወማለን ያሉ ሴቶች ናቸው።

በእኛም በኩል ታሪኩ እንደምናስበው ቀጥ ያለ አይደለም። ትልቁ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ማኅበር፣ የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ፣ በ1971 ባወጣው ውሳኔ በአስገድዶ መድፈር፣ በከባድ የፅንስ ጉዳት፣ በእናቲቱ አካላዊና አእምሯዊ ጤና ምክንያት ፅንስ ማቋረጥ በሕግ እንዲፈቀድ እንዲሠሩ አባላቱን ጠይቆ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሮ እና ዌድ ጉዳይ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገው ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1973 ነው። የደቡብ ባፕቲስቶች አጥብቀው ወደ ተቃውሞ የዞሩት በ1980 አካባቢ ነው። ይህን የማነሳው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የአሁኑ የፓርቲ አሰላለፍ ከሲና ተራራ አልወረደም ለማለት ነው።

ስለ አንዲት እህት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ፋኒ ሉ ሄመር በ1917 ሚሲሲፒ ተወለደች። ለጥጥ እርሻ ባለቤቶች በየእኩል የሚያርስ ቤተሰብ ሃያኛ ልጅ ናት። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበረች። በ1961 ለቀላል ቀዶ ሕክምና ገብታ፣ ሐኪሙ ሳያስፈቅዳት ማኅፀኗን አወጣው። በዚያ ዘመን በድሃ ጥቁር ሴቶች ላይ ይህ የተለመደ ግፍ ነበር። በ1962 ለምርጫ ልመዝገብ ብላ ሄደች። በዚያው ዕለት ከኖረችበት እርሻ ተባረረች። በ1963 ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች፤ ጉዳቱ ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም። በ1971 ብሔራዊ የሴቶች የፖለቲካ ኅብረትን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

ይህች ሴት ፅንስ ማቋረጥን በግልጽ ትቃወም ነበር። ማኅፀኗን የነጠቃት ሥርዓትና የድሃ ልጅ አይወለድ የሚለው አስተሳሰብ ለእሷ አንድ ነበሩ። ግን ተቃውሞዋ በቃል አልቀረም። በ1969 የነፃነት እርሻ የሚባል ማኅበር አቋቁማ ድሆች በጋራ እንዲያርሱና እንዲበሉ አደረገች። ሌሎች የወለዷቸውን ልጆች ወስዳ አሳደገች። ድምፅ የመስጠት መብቷን በደሟ ነው ያገኘችው። እንግዲህ ይህችን እህት በየትኛው ሳጥን እንክተታት? ፌሚኒስት ናት? ለሕይወት የቆመች ናት? የድሆች ተሟጋች ናት? ሁሉንም ናት፣ ስለ አንድ አምላክ።

ወደ ዛሬው ሴት እንምጣ። የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሚደግፈው የጉትማኸር ተቋም በ2014 ባደረገው ጥናት፣ ፅንስ ካቋረጡት የአሜሪካ ሴቶች 75 በመቶው ድሆች ወይም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። 59 በመቶው ደግሞ ቀድሞም ልጅ የወለዱ እናቶች ናቸው። ማለትም ብዙዎቹ ልጅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የቤት ኪራይ ምን እንደሆነም ያውቃሉ። አሜሪካ እስከ ዛሬ በአገር አቀፍ ደረጃ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የላትም። የ1993ቱ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። እርጉዝ በመሆኗ ሴትን ከሥራ ማባረር በፌዴራል ሕግ በግልጽ የተከለከለው በ1978 ነው። በ2022 መጨረሻ ደግሞ አሠሪዎች ለእርጉዝ ሠራተኞች አስፈላጊውን ማመቻቸት እንዲያደርጉ የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። ያንን ሕግ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤም፣ የፅንስ ማቋረጥ መብት ተሟጋቾችም ደግፈውታል። እንዲህ ያለው ነገር ዜና ስለማይሆን ብዙዎቻችን አልሰማነውም።

ያዕቆብ ራቁቱን የሆነውን ወንድም “በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም” ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። “ውለጂ፣ እግዚአብሔር ያውቃል” ብለን በሯን ዘግተን ከሄድን ያው ነው።

ስለ ወንዶችም እንናገር። በዘፍጥረት 38 ይሁዳ፣ ምራቱ ትዕማር መፀነሷን ሲሰማ አውጥተው ያቃጥሏት አለ። አባትየው ራሱ ነበር። ማኅተሙንና በትሩን ስታወጣ ነው “ከእኔ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ ናት” ያለው። በየጉባኤያችን የፀነሰች ልጅ ከመዘምራን ትወርዳለች። አብሯት የነበረው ልጅ ግን ጊታሩን ይዞ ይቀጥላል። ይህን አይታ የምታድግ ወጣት፣ ነገሩ ቢደርስባት በድብቅ ወደ ክሊኒክ ብትሄድ ማን ነው የላካት? እዚህ ላይ ፌሚኒስቶች የሚናገሩት እውነት ነው፤ ከማን አፍ ወጣ ብለን ልንጥለው አይገባም።

አሁን ስለ ድምፁ። በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዶብስ በሚባለው ጉዳይ የሮ እና ዌድን ውሳኔ ከሻረ ወዲህ ጥያቄው በዋናነት ወደ ስቴቶች ሄዷል። ካንሳስ በ2022፣ ኦሃዮ በ2023፣ ሚዙሪ በ2024 ሕዝባቸውን በቀጥታ ጠይቀው፣ በሦስቱም የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሚደግፈው ወገን አሸነፈ። በሚዙሪ በዚያው ቀን ሪፐብሊካኑ እጩ ትራምፕ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል። የሪፐብሊካን ፓርቲም በ2024 መግለጫው አገር አቀፍ ገደብ መጠየቁን ትቶ ነገሩን ለስቴቶች ሰጥቶታል። ስለዚህ “ለዚህ ፓርቲ ድምፅ ሰጠሁ፣ ግዴታዬን ተወጣሁ” የሚለው ስሌት ድሮም ደካማ ነበር፣ አሁን ጭራሽ አይሠራም።

የሕጉን ጽሑፍ አንብቡ። በአንዳንድ ስቴቶች የሕጉ ቃል ግልጽ ባለመሆኑ፣ ፅንሷ በራሱ ጊዜ የወረደባት ሴት እየደማች ሐኪሞች ለመርዳት ያመነቱበት ጊዜ አለ። ለሕይወት እቆማለሁ የሚል መራጭ ይህ እንዲስተካከል ለእንደራሴው መደወል አለበት። የድምፅ ወረቀቱን ከፕሬዚዳንቱ ስም በታችም እዩት፤ የወሊድ ፈቃድ፣ የእናቶች የጤና ሽፋን፣ የሕፃናት መዋያ በብዛት የሚወሰነው እዚያ ነው። ሁለት እጩ ፊታችሁ ቆሞ ሁለቱም ኅሊናችሁን ካቆሰሉ፣ ጸልያችሁ በወሰናችሁት ላይ ሌላውን ወንድም “አማኝ አይደለህም” አትበሉት።

በመካከላችን ፅንስ ያቋረጡ እህቶች አሉ። ይህን እያነበባችሁ ያላችሁም ትኖራላችሁ። በየምርጫው ሰሞን ስለ እናንተ የሚነገረውን ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ማንም ግን አያናግራችሁም። የመስቀሉ ደም ለእናንተም ፈስሷል፤ የይቅርታ ወረፋ የለም። ከታመነ አገልጋይ ወይም ከምታምኑት እህት ጋር ተነጋገሩ። አገልጋዮች ሆይ፣ እናንተም ከቀጣዩ ምርጫ በፊት በጉባኤያችሁ አንዲት እርጉዝ ልጅ ነገ ብትመጣ ማን እንደሚያስጠጋት፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚያደርሳት፣ የልጁን አባት ማን እንደሚያነጋግረው ስም ጠርታችሁ መድቡ።